የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ በምን ሥርዓት ይመራል?

«ምክር ቤቱ በቀረበለት አጀንዳ ላይ ከተወያየ በኋላ በሙሉ ድምፅ አፅድቆታል» የሚለው አገላለጽ ለጋዜጣ አንባቢም ሆነ ለሬዲዮ አድማጭ እንግዳ አይደለም። ዜናው በዚሁ ያበቃል። አጀንዳውን ማን አቀረበው? ሰነዱ ለአባላቱ መቼ ደረሳቸው? በአዳራሹ ውስጥ ስንት አባላት ነበሩ? ተቃራኒ ሐሳብ ያለው ሰው የመናገር ዕድል አግኝቷል? የሚሉትን ጥያቄዎች የሚያነሳ ብዙም የለም። ይሁን እንጂ የአንድ ከተማ ነዋሪ የውኃ ታሪፍ፣ የመንገድ ሥራ፣ የገበያ ቦታና የዓመት በጀት የሚወሰነው በእነዚሁ ጥያቄዎች መልስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ የሚመራባቸውን ዋና ዋና ሥርዓቶች ለመዳሰስ እንሞክራለን። ስለ ምክር ቤት ሲወራ የአብዛኛው ሰው ሐሳብ ወደ አዲስ አበባ ስለሚሄድ፣ ጉዳዩን በትንሽ ከተማ ዓይን ለማየት በአርሲ ዞን የጄጁ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን አርቦዬን ለማስረጃ ሳይሆን ለማስረጃነት ለማይቀርብ ምሳሌ ብቻ እንጠቀምባታለን። በዚህ ጽሑፍ ከአርቦዬ ጋር የሚነሱት ቁጥሮች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የከተማዋን ምክር ቤት የሚገልጹ አይደሉም።

ከማዘጋጃ ቤት ወደ ምክር ቤት

በአገራችን የከተሞች አስተዳደር በዘመናዊ ሕግ መልክ መያዝ የጀመረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን በማዘጋጃ ቤትነት፣ ሌሎች በርካታ ከተሞችን ደግሞ ከዚያ ዝቅ ባለ ደረጃ አደራጅቷል። በዚያ ዘመን በከተማ ጉዳይ የሚመክሩት ሰዎች ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚወከሉና ንብረት ካላቸው ነዋሪዎች መካከል የሚመረጡ ነበሩ። ተራው ተከራይ በጉባኤው ድምፅ አልነበረውም።

ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. ያወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ በተለምዶ ቀበሌ የምንላቸውን፣ ፈጠረ። ስብሰባ የከተሜው የዘወትር ግዴታ የሆነው ያን ጊዜ ነው። ስብሰባ በዛ ማለት ግን ክርክር በዛ ማለት አልነበረም። ብዙ ሰው ስብሰባን ከመወሰኛነት ይልቅ ከመመሪያ መቀበያነት ጋር የሚያያይዘው ያ ልምድ ጥሎት በሄደው ትዝታ ጭምር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1987 ዓ.ም. የፀደቀው የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይደነግጋል። ከተሞችን የማደራጀቱ ሥልጣን ለክልሎች የተተወ በመሆኑ ኦሮሚያ በ1995 ዓ.ም. የከተሞች አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 65ን አወጣ። አዋጁ ከተሞችን በነዋሪ ብዛት በደረጃ ከፍሎ የተመረጠ ምክር ቤት፣ ከንቲባና ሥራ አስኪያጅ ያለበትን አሠራር አስተዋውቋል። ከዚያ ወዲህም ሕጉ ተሻሽሏል። በዚያው በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ በአዋጅ ቁጥር 361፣ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ ድሬዳዋ በአዋጅ ቁጥር 416 ቻርተራቸውን አግኝተዋል።

እነዚህ አዋጆች ምክር ቤቱ ምን ሥልጣን እንዳለው ይናገራሉ። ስብሰባው በዝርዝር እንዴት እንደሚካሄድ ግን በአብዛኛው የሚተውት ምክር ቤቱ ራሱ ለሚያወጣው የአሠራርና የሥነ ምግባር ደንብ ነው። የብዙ ውሳኔዎች ዕጣ የሚወሰነውም ከአዋጁ ይልቅ በዚሁ ደንብ ነው።

ጥሪና አጀንዳ

የስብሰባ የመጀመሪያው ሕግ ጥሪ ነው። አባላት ስብሰባው መቼ፣ የት፣ በምን ጉዳይ እንደሚካሄድ አስቀድመው በጽሑፍ ማወቅ አለባቸው። ጥሪው ብቻውን አይበቃም፤ የሚወሰንበት ሰነድም አብሮ መድረስ አለበት። የበጀት ረቂቅ በስብሰባው ዕለት ጠዋት በአዳራሹ በር ላይ ሲታደል አባሉ ቁጥሩን የሚያነብበት ጊዜ እንኳን የለውም። እንዲህ ባለ ሁኔታ የተሰጠ ድምፅ አባሉ ለአቅራቢው ያለውን እምነት ከማሳየት አልፎ ሰነዱን መርምሮ ማፅደቁን አያሳይም።

በጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን የሚጀምር በመሆኑ የከተማ ምክር ቤቶች ትልቁ ስብሰባ የሚውለው በክረምቱ መግቢያ ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሳምንታት ረቂቁ ለበጀት ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ደርሶ፣ ኮሚቴው የሥራ ኃላፊዎችን ጠይቆ፣ የራሱን አስተያየት ጽፎ ካላቀረበ በአንድ ቀን ስብሰባ የከተማን በጀት መመርመር አይቻልም።

ሁለተኛው አጀንዳ ነው። አጀንዳ የማስያዝ መብት የማን ነው? ጉዳዩ የጽሕፈት ቤት ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፍተኛ የፖለቲካ ጉዳይ መሆኑን በ1997 ዓ.ም. አይተናል። በዚያ ዓመት ክረምት የሥራ ዘመኑን ሊያጠናቅቅ የተቃረበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን አሻሻለ። ቀደም ሲል 20 አባላት ከደገፉት ሊቀርብ ይችል የነበረ አጀንዳ፣ በማሻሻያው ከግማሽ በላይ የሆኑ አባላትን ድጋፍ እንዲያገኝ ተጠየቀ። በምርጫው ብዙ መቀመጫ ያገኙት ተቃዋሚዎች ማሻሻያውን አጥብቀው ተቹት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አጀንዳ ለማስያዝ የአብላጫውን ድምፅ የሚጠይቅ ደንብ ባለበት አናሳው ወገን በድምፅ ከመሸነፉ በፊት የመደመጥ ዕድሉን ያጣል። ምክር ቤቱ አዲስ የአሠራር ደንብ በ1998 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ2008 ዓ.ም. አውጥቷል።

ለከተማ ምክር ቤት የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው። አብላጫው ወገን የመወሰን መብት አለው፤ አናሳው ደግሞ ጉዳዩን ጠረጴዛ ላይ የማስቀመጥ መብት ሊኖረው ይገባል። ጥሩ ደንብ አጀንዳ ለማስያዝ የሚያስፈልገውን ቁጥር ዝቅ፣ ለመወሰን የሚያስፈልገውን ደግሞ ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል። «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» በሚል በመጨረሻ ሰዓት የሚገባ ርእስም ቢሆን ለመረጃ እንጂ ገንዘብ ወይም መሬት ለሚነካ ውሳኔ መዋል የለበትም።

ምልዓተ ጉባኤ

ከአባላቱ ምን ያህሉ ካልተገኙ ስብሰባው ስብሰባ አይባልም? ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 58 ያስቀመጠው መለኪያ ከግማሽ በላይ የሆኑ አባላት መገኘት ነው። ይኸው መለኪያ በአገራችን ለብዙ ምክር ቤቶች፣ ለማኅበራትም ሆነ ለዕድሮች ጭምር የተለመደ ሆኗል።

የአርቦዬን ምክር ቤት 41 አባላት አሉት ብለን እንገምት። ምልዓተ ጉባኤው 21 ነው። ጠዋት 26 አባላት ፈርመው ገቡ፤ ከምሳ በኋላ ግን 8ቱ ወደየጉዳያቸው ሄዱ። በአዳራሹ የቀሩት 18 ናቸው። ሰብሳቢው የጠዋቱን የፊርማ ወረቀት ይዞ «ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል» ማለት ይችላል? አይችልም። ምልዓተ ጉባኤ ትርጉም የሚኖረው ድምፅ በሚሰጥበት ሰዓት ሲቆጠር ነው። አንድ አባል እጁን አውጥቶ «ይቆጠርልኝ» ካለ ሰብሳቢው መቁጠር አለበት። ይህን አንድ ጥያቄ መጠየቅ የሚያውቅ አባል ያለበት ምክር ቤትና የሌለበት ምክር ቤት ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

ምልዓተ ጉባኤ በሌላ በኩል መሣሪያም ይሆናል። አባላት ባለመገኘት ውሳኔን ማገድ ይችላሉ። አባላት መቀመጫቸውን ካልያዙ ደግሞ ምክር ቤት ራሱ አይኖርም። በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ከምርጫው በኋላ በተፈጠረው ቀውስ ምክር ቤቱ ሳይቋቋም ቀረ። በ1998 ዓ.ም. በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ባለአደራ አስተዳደር ተሰይሞ፣ ዋና ከተማዋ እስከ 2000 ዓ.ም. ምርጫ ድረስ ያለ ተመራጭ ምክር ቤት ቆየች። በዚያ ጊዜ ማን ጥፋተኛ ነበር የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶም ቢሆን ተመራጮች ተሰብስበው የማይቆጠሩበት ሁኔታ ከተፈጠረ የነዋሪው ጉዳይ በሌላ እጅ ይወሰናል።

በጣም የበዛ አባልም የራሱ ችግር አለው። ለ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች መቀመጫ እስከ 300 ከፍ እንዲል ተደርጎ ነበር። 300 ሰዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ደቂቃ ቢናገሩ 15 ሰዓት ያስፈልጋል። ስለዚህ ምክር ቤቱ በበዛ ቁጥር ሥራው ወደ ኮሚቴ ካልወረደ፣ መድረኩ የሪፖርት ማዳመጫ ከመሆን አያልፍም።

ሰብሳቢው ማን ነው?

ከተማውን የሚመራው ከንቲባ ነው፤ ምክር ቤቱን የሚመራው ግን አፈ ጉባኤ መሆን አለበት። ከንቲባው የራሱን ሪፖርት አቅርቦ፣ ራሱ መድረክ መርቶ፣ ጥያቄ የሚያነሳውንም ራሱ መርጦ «እጅ አንሱ» ካለ ቁጥጥር የሚባለው ነገር ይጠፋል። ተቆጣጣሪና ተቆጣጣሪው የሚመረምረው ሰው በአንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ አይችሉም።

የሰብሳቢነትን ፈተና በተመለከተ ከውጭ የሚጠቀስ ታሪክ አለ። ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የተባለ የአሜሪካ ጦር መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1863 በማሳቹሴትስ ግዛት ኒው ቤድፎርድ ከተማ አንድ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ እንዲመራ ይጠየቃል። አመራሩን ባለማወቁ ስብሰባው ተበጠበጠበት። በዚያ አፍሮ የስብሰባ ሥርዓትን ማጥናት ጀመረና እ.ኤ.አ. በ1876 በስሙ የሚጠራውን የስብሰባ መመሪያ አሳተመ። መጽሐፉ ዛሬም በአሜሪካ በርካታ ማኅበራትና ምክር ቤቶች ይሠራበታል። መነሻ ሐሳቦቹ ቀላል ናቸው፤ በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ተናጋሪ፣ ንግግር ለሰብሳቢው እንጂ ለባላጋራ አይደለም፣ አብላጫው ይወስናል፣ አናሳው ይደመጣል።

ሥርዓት ያለው ጉባኤ ለእኛ ባዕድ ነው የሚል ካለ ግን አጠገቡ ያለውን አላየም። የክልሉ ምክር ቤት ስሙን ያገኘበት «ጨፌ» የኦሮሞ ሕዝብ የገዳ ሥርዓት ጉባኤ መጠሪያ ነው። የቦረና ኦሮሞ በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስቦ ሕግ ይመረምራል። ዩኔስኮ የገዳን ሥርዓት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ እናት ለምትዳር ልጇ የምትሰጣት የሲንቄ በትር አለች። ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ወገኖች መካከል ሲቆሙ ጠቡ ይቆማል፤ የተበደለች ሴትም በሲንቄ ተሰባስባ ቅሬታዋን ታሰማለች። ደካማ የሚባለውን ወገን ድምፅ በሥርዓት የመጠበቅ ሐሳብ በዚያ ምድር ከየትኛውም የተጻፈ ደንብ በፊት ነበረ።

ከወሬ ወደ ውሳኔ ሐሳብ

ስብሰባዎቻችን ከሚደክሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ክርክሩ በምን ላይ እንደሆነ አለመታወቁ ነው። አንዱ ስለ መብራት፣ ሌላው ስለ ኮብልስቶን፣ ሦስተኛው ስለ መልካም አስተዳደር ይናገራል፤ በመጨረሻ ሰብሳቢው «የተነሱትን ሐሳቦች በግብዓትነት ወስደናል» ብሎ ይዘጋል። ምን ተወሰነ? ማን ይፈጽመዋል? እስከ መቼ? የሚታወቅ ነገር የለም።

መድኃኒቱ የውሳኔ ሐሳብን በአንድ ዐረፍተ ነገር አስቀድሞ መጻፍ ነው። «የገበያው ጉዳይ ትኩረት ይሰጠው» የሚለው የውሳኔ ሐሳብ አይደለም። «የከብት ተራው ከትምህርት ቤቱ አጥር ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር፣ ማዘጋጃ ቤቱም አማራጭ ቦታዎችን ከነወጪያቸው በሁለት ወር ውስጥ ለምክር ቤቱ እንዲያቀርብ» የሚለው ግን የውሳኔ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ቀርቦ ደጋፊ ካገኘ በኋላ ክርክር ይከፈታል። ማሻሻያ ያለው ማሻሻያውን በግልጽ ቃል ያቀርባል። በቅድሚያ በማሻሻያው ላይ፣ ቀጥሎ በተሻሻለው ሐሳብ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አባላት በምን ላይ እጃቸውን እንዳወጡ ሳያውቁ ይወጣሉ።

የንግግር ጊዜም ለሁሉም እኩል መገደብ አለበት። ለሪፖርት አቅራቢ ሁለት ሰዓት፣ ለጠያቂ ሁለት ደቂቃ ከሆነ ሥነ ሥርዓቱ ሚዛን ስቷል።

ድምፅ እንዴት ይቆጠራል?

«አብላጫ» የሚለው ቃል ቀላል ይመስላል፤ የከረረ ጭቅጭቅ የሚነሳው ግን በእርሱ ላይ ነው። ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ከ41 አባላት 25ቱ ተገኙ እንበል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። በአንድ የውሳኔ ሐሳብ ላይ 11 ደገፉ፣ 9 ተቃወሙ፣ 5 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሐሳቡ አለፈ ወይስ ወደቀ?

መለኪያው ከተሰጠው ድምፅ አብላጫው ከሆነ ከ20 ድምፅ 11 አግኝቷልና አልፏል። መለኪያው በስብሰባው ከተገኙት አባላት ከግማሽ በላይ ከሆነ 13 ያስፈልገው ነበርና ወድቋል። መለኪያው ከጠቅላላው የምክር ቤት አባላት ከግማሽ በላይ ከሆነ 21 ያስፈልጋልና አሁንም ወድቋል። አዳራሹ፣ ሰዎቹና እጆቹ ያው ናቸው፤ የተለየው በደንቡ ላይ ያለ አንድ ሐረግ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው መለኪያ ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ ሰው በተግባር ተቃውሟል ማለት ነው። «እኔ የለሁበትም» ብሎ ያሰበ አባል ውሳኔውን ጥሎት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ደንቡ ለመደበኛ ጉዳይ የትኛው መለኪያ እንደሚሠራ፣ እንደ ከንቲባ ሹመትና ሽረት ወይም ደንብን ማሻሻል ላሉ ከባድ ጉዳዮች ደግሞ ምን ያህል ድምፅ እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መናገር አለበት። ድምፅ እኩል ለእኩል ሲከፈል የሰብሳቢው ሚና ምን እንደሆነም እንዲሁ። እነዚህን ነገሮች ጠቡ ከተነሳ በኋላ ለመወሰን መሞከር ኳስ እየተጫወቱ የጎሉን ስፋት እንደመለካት ነው።

በምክር ቤት ውስጥ ድምፅ በአብዛኛው በግልጽ፣ እጅ በማውጣት ይሰጣል፤ መራጩ ወኪሉ ምን እንደደገፈ የማወቅ መብት አለውና። በሰዎች ሹመት ላይ ሲሆን የሚስጥር ድምፅ የተሻለ ነው የሚሉ አሉ። አባሉን ከአለቃው ዓይን ይጠብቀዋል፤ በዚያው ልክ ግን ከመራጩም ይሰውረዋል። የትኛው እንደሚሻል መከራከር ይቻላል። በስብሰባው መሐል እንደ ሁኔታው መቀያየር ግን ትክክል አይሆንም።

የራስ ጉዳይ ሲመጣ

በትንሽ ከተማ ሁሉም ይተዋወቃል። የምክር ቤቱ አባል ነጋዴ ነው፣ አማቱ ተቋራጭ ነው፣ ጎረቤቱ ቦታ ጠይቋል። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ጉዳዩ ሲነሳ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ተገቢው ሥርዓት ሦስት እርምጃ አለው፤ አባሉ ዝምድናውን ወይም ጥቅሙን ይናገራል፣ ነገሩ በቃለ ጉባኤ ይመዘገባል፣ ክርክሩና ድምፁ እስኪያልቅ ከአዳራሹ ይወጣል። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከወጣ ወዲህ የከተማ ቦታ በጨረታና በምደባ የሚተላለፍ ትልቅ ሀብት በመሆኑ፣ ምክር ቤት ቦታን በሚመለከት ሲወያይ ወይም ሪፖርት ሲሰማ ይህ ሥርዓት ይበልጥ ያስፈልጋል።

ቃለ ጉባኤና ክፍት በር

ያልተጻፈ ውሳኔ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ጥሩ ቃለ ጉባኤ የተባለውን ሁሉ አይዘረዝርም፤ የተገኙትንና የቀሩትን፣ የቀረበውን የውሳኔ ሐሳብ ቃል በቃል፣ የድምፁን ቁጥር፣ የልዩነት ሐሳብ ያለውን አባል ምክንያትና አስፈጻሚውን ይይዛል። በሚቀጥለው ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ተነብቦ ይታረማል፤ ይፀድቃል። «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ቃል ብቻውን ለታሪክም ለፍርድ ቤትም አይበቃም፤ የስንት ሰው ሙሉ ድምፅ?

በኦሮሚያ የምክር ቤት ስብሰባና ቃለ ጉባኤ የሚካሄደው በክልሉ የሥራ ቋንቋ በአፋን ኦሮሞ ነው። እንደ አርሲ ከተሞች ልዩ ልዩ ቋንቋ ተናጋሪዎች አብረው በሚኖሩበት ቦታ የውሳኔዎችን አጭር መግለጫ በሌላም ቋንቋ መለጠፍ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አሉባልታን ግን ይቀንሳል።

ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው ወይ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ደንግጓል፤ በአንቀጽ 58ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ስብሰባ በመርህ ደረጃ ግልጽ መሆኑን አስቀምጧል። ዝግ ስብሰባ የሚፈቀደው ለየት ባለ ምክንያትና በአባላት ውሳኔ ነው። ይኸው መርህ ወደ ከተማ ምክር ቤት ሲወርድ ነዋሪው አዳራሽ ገብቶ ማዳመጥ፣ ባይችልም ቃለ ጉባኤውን መጠየቅ አለበት ማለት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት አካል ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎበታል። ይህን መብት ተጠቅሞ የከተማውን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ በጽሑፍ የጠየቀ ባለሙያ ከመካከላችን ስንት ነው?

ደንቡ ማንን ይጠቅማል?

ደንብ በራሱ ዴሞክራሲ አያመጣም የሚሉ ወገኖች አሉ። ክርክራቸው ውኃ የሚቋጥር ነው። ሁሉም አባላት ከአንድ ፓርቲ በሆኑበትና ውሳኔው ቀድሞ በፓርቲ ስብሰባ ባለቀበት ምክር ቤት፣ ምልዓተ ጉባኤ ቢሟላ ባይሟላ ውጤቱ ያው ነው ይላሉ። በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ከተካሄደው የአካባቢ ምርጫ በኋላ በ2010 ዓ.ም. መካሄድ የነበረበት ምርጫ መራዘሙም የአካባቢ ምክር ቤቶችን ውክልና አጠያያቂ አድርጎታል።

ይህ እውነት ቢሆንም ሌላ ገጽታ አለው። ኃይል ያለው ሰው ደንብ አያስፈልገውም፤ ስልክ ይበቃዋል። ደንብ የሚያስፈልገው ብቻውን ለተቀመጠው አባል፣ ቦታው ያለ ካሳ ለተነካበት ነዋሪ፣ ለተዘነጋው መንደር ነው። «ሰነዱ በጊዜው አልደረሰኝም»፣ «ምልዓተ ጉባኤው ይቆጠርልኝ»፣ «ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ» የሚሉት ሦስት ዐረፍተ ነገሮች ማንንም አይሰድቡም፤ ነገር ግን አንድን ስብሰባ ከትዕዛዝ መቀበያ ወደ መወሰኛ ሊያሸጋግሩት ይችላሉ።

ብዙዎቻችን በዕድር ስብሰባ ላይ ገንዘብ ያዡን ያለ ምሕረት እንመረምራለን። የሃምሳ ብር ጉድለት ሲገኝ ጉባኤው አይበተንም፤ ሒሳቡ ይመረመራል፣ ጥፋተኛው ይቀጣል፣ ጸሐፊው ይጽፋል። ያው ሰው የሚሊዮኖች ብር በጀት በሚፀድቅበት የከተማ ምክር ቤት ደጃፍ ሲያልፍ ግን ዞር ብሎ አያይም። የስብሰባ ሥርዓትን እናውቀዋለን ማለት ነው። የቀረው ከዕድሩ ድንኳን ወደ ከተማው አዳራሽ ይዘነው መግባት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀውም ጥያቄ ቀላል ነው፤ የከተማችን ምክር ቤት የአሠራር ደንብ አለው? ካለውስ አንድ ቅጂ ማግኘት እንችላለን?